በአንድ ፖሊስ የፈረሰ ካቢኔ

በ1923 (እ.ኤ.አ.) ማኒላ ውስጥ ሬይ ኮንሊ የተባለ አሜሪካዊ መርማሪ ፖሊስ በጉቦ ተከሰሰ፤ ፍርድ ቤትም በነፃ ለቀቀው። ጠቅላይ ገዥው ጄኔራል ሊዮናርድ ውድ ወደ ሥራው እንዲመለስ አዘዙ። ይኼኔ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሆሴ ላውሬል ሥራቸውን ለቀቁ። ጁላይ 17 ማኑኤል ኬሶን፣ ማኑኤል ሮሃስና ፊሊፒናውያን ሚኒስትሮች ተከተሏቸው።

ለአንድ ፖሊስ ይህ ሁሉ ለምን? ነገሩ ወዲህ ነው። የ1916ቱ የጆንስ ሕግ የተረጋጋ መንግሥት ሲቋቋም ነፃነት እንደሚሰጥ ቃል ገብቷል። ከውድ በፊት የነበሩት ገዥ ሃሪሰን ሹመቱን ለአገሬው ሰዎች ለቀው ነበር። ውድ ደግሞ በዚያ ዘመን የፊሊፒንስ ብሔራዊ ባንክ የደረሰበትን ኪሣራ እየጠቀሱ ልጓሙን መልሰው ያዙ። ኪሣራው እውነት ነበር። ሆኖም ገዥው በፖሊስ ቅጥር እንኳ ጣልቃ ከገባ፣ ሚኒስትርነቱ ከስም አያልፍም።

ውድ አልተነሱም፤ በ1927 በሥልጣን ላይ እንዳሉ ሞቱ። በ1935 ኬሶን ፕሬዚዳንት ሆነው ገዥዎቹ ይኖሩበት ወደነበረው ማላካኛንግ ቤተ መንግሥት ገቡ። በ1944 አሜሪካ ውስጥ በስደት ሳሉ አረፉ። ጁላይ 4 ቀን 1946 ነፃነት ሲታወጅ በፕሬዚዳንትነት የቆሙት ሮሃስ ነበሩ።