መንገድ የሠራውን ቤት ባቡር ሸረፈው

ለንደን ድልድይን ወደ ደቡብ ተሻግሮ በሮ ሃይ ስትሪት የሚባለውን ጎዳና ይዞ ለሚወርድ ሰው፣ በግራ በኩል ጠባብ መግቢያ አለ። መንገደኛው ከቸኮለ ሳያየው ያልፈዋል። ገባ ካለ ግን የጎዳናው ጫጫታ ከኋላው ይቀርና ድንጋይ የተነጠፈበት ግቢ ላይ ይቆማል። ከፊቱ በድርብ የተሠራ የእንጨት ሰገነት ያለው ረጅም አሮጌ ቤት ይታየዋል። የሰገነቱ ወለል ከዕድሜ ብዛት ዘመም ብሏል፤ የመስኮቶቹ መስታወት ትንንሽ ነው።

ይህ ጆርጅ ኢን ነው። በለንደን ከነበሩት ባለ ሰገነት የሠረገላ ማደሪያዎች ከዚህ በቀር የተረፈ የለም። እሱም ቢሆን ሙሉ አይደለም፤ የቆመው የግቢው አንድ ጎን ብቻ ነው።

ስሙ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ጆርጅ የተባለው በቅዱስ ጊዮርጊስ፣ በዚያው ዘንዶውን በጦር በወጋው ፈረሰኛ ነው። በዚህ ስፍራ ማደሪያ የነበረው ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ ሲሆን ጆን ስቶው በ1598 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስለ ለንደን ባሳተመው መጽሐፍ የዚህን ጎዳና ማደሪያዎች ሲዘረዝር ስምንት ይጠራል። ጆርጅ አንዱ ነው።

በአንድ ጎዳና ላይ ስምንት ማደሪያ ምን ሊሠራ? መልሱ ድልድዩ ነው። እስከ 1750 ድረስ የለንደን መሃል ከለንደን ድልድይ ሌላ ድልድይ አልነበረውም። ድልድዩ ጠባብ ነው፤ በላዩ ግራና ቀኝ ቤት ተሠርቶበታል፤ በሩም ሌሊት ይዘጋል። ስለዚህ ከደቡብ የሚመጣ መንገደኛ ሳዘርክ በሚባለው፣ ከድልድዩ ደቡብ ባለው በዚህ ሰፈር ያድራል፤ ከለንደን ወደ ደቡብ ማልዶ መነሳት የሚፈልግም ማታውኑ ተሻግሮ እዚያው ያድራል። የካንተርበሪ ተሳላሚዎች በዚህ ያልፋሉ። የኬንት ገበሬዎች ሆፕ ጭነው የሚመጡትም በዚህ ነው፤ ሆፕ፣ ጌሾ ለጠላችን የሚሠራውን ሥራ ለቢራቸው የሚሠራላቸው ተክል ነው። በእኛ አገር መሽቶበት ደጅ ላይ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ያለን መንገደኛ የቤቱ ጌታ ያስገባዋል። እዚያ ግን መንገደኛው ከመብዛቱ የተነሳ ማስተናገዱ ራሱን የቻለ ንግድ ሆነ፤ ንግዱም የራሱን የቤት አሠራር ወለደ።

አሠራሩን ልብ ብሎ ላየው እያንዳንዱ ነገር የመጣው ከፈረሱ ነው። ለጎዳናው ያለው ፊት ጠባብ የሆነው እዚያ ቦታ ውድ ስለሆነ ነው፤ ሠረገላ የሚያሳልፍ በር ከበቃ ይበቃል። ቤቱ የሚረዝመው ወደ ውስጥ ነው። ሠረገላው ግቢው መሃል ይቆማል፤ ተሳፋሪ ይወርዳል፣ ዕቃ ይራገፋል፣ ላብ ያጠመቃቸው ፈረሶች ተፈትተው ወደ ጋጣ ይነዳሉ፣ ያረፉት ይጠመዳሉ። በጥሩ መንገድ ላይ አሥራ ስድስት ኪሎ ሜትር ገደማ በተሄደ ቁጥር ፈረስ ይቀየር ነበርና ይህ ሥራ ቀን ከሌት አይቆምም። መኝታ ክፍሎቹ ፎቅ ላይ ተደርድረዋል። ሰገነቱንም ለጌጥ የተሠራ የሚመስለው ሰው ይሳሳታል፤ ኮሪደሩ እሱ ነው። እንግዳው ወደ ክፍሉ የሚገባው በሰገነቱ ሄዶ ነው፤ ጠዋት ከደጃፉ ሳይርቅ መደገፊያውን ይዞ ጎንበስ ብሎ ሠረገላው መጠመድ አለመጠመዱን ያያል። ተሳፋሪና ነጂ ተራቸውን የሚጠብቁት ምድር ቤት ባለ ክፍል ነበር፤ ዛሬ መጠጥ ቤት ነው።

አሁን የምናየው ሕንፃ የተሠራው በ1677 ነው። ከዓመት በፊት በ1676 አብዛኛውን አሮጌውን ሳዘርክ የበላ እሳት ማደሪያውንም አወደመው። የለንደንን ታላቅ ቃጠሎ ሁሉም ያውቀዋል፤ ከዚያ አሥር ዓመት ቆይቶ ከወንዙ ማዶ የተነሳውን ይህን እሳት ግን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። ሼክስፒር እዚህ ሰገነት ላይ ተቀምጦ ነበር የሚል ሰው ከገጠመዎ ሼክስፒር የሞተው በ1616 መሆኑን ያስታውሱት። የእሱ ድርሰቶች ይታዩበት የነበረው ግሎብ ቴአትር ከዚህ በእግር የጥቂት ደቂቃ መንገድ መሆኑ እውነት ነው፤ በለንደን የማደሪያ ግቢዎች ውስጥ ቴአትር ይታይ እንደነበርም እውነት ነው። ተዋናዩ ግቢ መሃል፣ ተመልካቹ ዙሪያውን ሰገነት ላይ ሆኖ ሲታሰብ ማደሪያውና ቴአትር ቤቱ ምን ያህል እንደሚመሳሰሉ ይገባል።

ደራሲው ቻርልስ ዲከንስ ቤቱን ማወቁን ግን መጠራጠር አያስፈልግም። በ1824 አባቱ በዕዳ ማርሻልሲ እስር ቤት ሲገቡ እሱ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበር። እስር ቤቱ በዚሁ ጎዳና ትንሽ ወረድ ብሎ ነበር፤ ልጁም በጫማ ቀለም ፋብሪካ እየሠራ በአቅራቢያው ተከራይቶ ይኖር ነበር። ካደገ በኋላ በ«ሊትል ዶሪት» ልብ ወለዱ ውስጥ ጆርጅን በስሙ ጠቅሶታል።

መጠጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ደግሞ የፓርላማ ሰዓት የሚሉት አንድ ትልቅ ሰዓት ተሰቅሏል። በ1797 መንግሥት በሰዓት ላይ ግብር ጣለ፤ ለአንድ የቤት ሰዓት በዓመት አምስት ሽልንግ። ሕዝቡ አልተቀበለውም፤ ግብሩም በዓመቱ ተሻረ። ግብሩን የሸሸ ሁሉ ሰዓት የሚያየው ማደሪያ እየገባ ነበር ይባላልና ስሙ ከዚያ ቀረ። እንዲህ ዓይነት ሰዓት ከግብሩ በፊትም ይሠራ ነበር። ሠረገላ በሰዓቱ ለሚነሳበት ቤት ያለ ሰዓት መዋል የማይታሰብ ነውና።

ከዚያ ባቡር መጣ። በ1836 ለንደን ብሪጅ ጣቢያ ከጆርጅ ብዙም በማይርቅ ቦታ ተከፈተ፤ ሠረገላው ቀን ሙሉ የሚለፋበትን መንገድ ባቡሩ በሰዓታት ይጨርሰው ጀመር። ማደሪያዎቹ ባዶ ቀሩ። ባለቅኔው ቾሰር በድርሰቱ የካንተርበሪ ተሳላሚዎቹን ያስነሳበት ታባርድ የተባለው ማደሪያ በ1873 ፈረሰ። በ1889 የጎረቤቱ ማደሪያ የዋይት ሃርት ተራ ደረሰ። በዚያው ዓመት ጆርጅን የዕቃ ማከማቻ አድርጎት የነበረው ታላቁ ሰሜናዊ የባቡር ኩባንያ መጋዘን ሊሠራ የግቢውን ሁለት ጎን አፈረሰ። ሳስበው ያንገበግበኛል። ሁለት መቶ ዓመት የቆመ ሰገነት ለመጋዘን!

የደቡቡ ጎን ተረፈ። በ1937 የዚያው ኩባንያ ወራሽ የሆነው የባቡር ድርጅት ቤቱን ለብሔራዊ የቅርስ ማኅበሩ ለናሽናል ትረስት ሰጠ፤ ዛሬ በአንደኛ ደረጃ ጥብቅ ቅርስነት ተመዝግቧል። የመኝታ ክፍሎቹ መመገቢያ ሆነዋል፤ ግቢው ውስጥ ጠረጴዛ ተዘርግቶ ከሥራ የወጣ ሰው ቢራውን ይጠጣል። ከላይ ሰገነቱ ላይ ቆሞ ወደ ሰሜን የሚያይ ሰው ግን ፊት ለፊቱ የሚጠብቀው የኋላ ዘመን ሕንፃ ነው። ዱሮ በዚያ በኩል ሌላ ሰገነት፣ መደገፊያውን ይዞ የራሱን ሠረገላ የሚጠብቅ ሌላ እንግዳ ነበር።