ሳይገደል የተሸጠው ድብ

መጽሐፍ ቅዱስን ያነበበ ሁሉ ድብን የሚያውቀው ብላቴናው ዳዊት የአባቱን በጎች ሲጠብቅ በገደለው አውሬ፣ አለዚያም ዳንኤል በራእዩ ባየው በሁለተኛው እንስሳ ነው፤ በለንደን የአክሲዮን ገበያ ግን ይህ ስም የወጣው ዋጋ ይወድቃል ብሎ ለሚጠባበቅና በዚያው ውድቀት ትርፉን ለሚሻ ሰው ነው።

ድብ በመዳፉ ወደ ታች ስለሚመታ ስሙ ለዋጋ መውደቅ ተሰጠ የሚለው ትርጓሜ ኋላ የመጣ ሲሆን፣ የቋንቋ ሊቃውንት የቃሉን ሥር የሚያገኙት ድቡን ሳትገድል ቆዳውን አትሽጥ ከሚለው የቆየ የአውሮፓ ተረትና ምሳሌ ነው። አባቶቻችን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እያሉ የዘበቱበትን ነገር የለንደን ደላሎች የዕለት ተግባራቸው አድርገውት ነበርና፣ በእጁ የሌለውን አክሲዮን የሚሸጠውን በመጀመሪያ የድብ ቆዳ ነጋዴ፣ ቈይቶም ባጭሩ ድብ አሉት። ጸሐፊው ሪቻርድ ስቲልም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1709 ዓ.ም. ታትለር በተባለው ጋዜጣው፣ በሐሳብ ብቻ ላለ ነገር እውነተኛ ዋጋ የሚያወጣ ሰው ድብ ሸጠ እንደሚባል ለአንባቢዎቹ አስረድቷል።

የንግዱ ሥፍራ በኤክስቼንጅ አሌይ ጠባብ መንገድ ላይ የነበረው የጆናታን ቡና ቤት ነበር። በዚያ የተቀመጠው ሻጭ አንዱን አክሲዮን በሌላ ቀን በ100 ፓውንድ ሊያስረክብ ይዋዋላል፤ ቀኑ ሲደርስ ዋጋው 80 ቢሆን በ80 ገዝቶ በ100 በማስረከብ 20 ያተርፋል፤ 120 ቢሆን ግን 20ውን ከኪሱ ይከፍላል። ብዙውን ጊዜም አክሲዮኑ ከእጅ ወደ እጅ ሳያልፍ ልዩነቱ ብቻ ተቈጥሮ ይከፈል ነበር።

በ1720 ዓ.ም. የደቡብ ባሕር ኩባንያ አክሲዮን ከ130 ፓውንድ ገደማ ተነሥቶ በዓመቱ አጋማሽ እስከ 1,000 ከደረሰ በኋላ ወድቆ ብዙ ቤት አፈረሰ። ከ14 ዓመት በኋላ ፓርላማው በሰር ጆን ባርናርድ አሳሳቢነት በእጅ የሌለን አክሲዮን መሸጥ በሕግ ከለከለ፤ ደላሎቹ ግን ልማዳቸውን አልተዉም፤ ሕጉም በ1860 ዓ.ም. ተሻረ። ከጊዜ ብዛት የቃሉ ትርጕም ሰፍቶ፣ ዛሬ አንዳች ሳይሸጥ ገበያው ይወድቃል ብሎ የሚሰጋውም ድብ ይባላል።

ስሙም ሕጉም ወቀሳውን በሻጩ ላይ ጣሉ፤ በ1720 የብዙዎችን ቤት ያፈረሰው ግን ዋጋው ሁልጊዜ ይወጣል ብለው፣ ተበድረውም ጭምር፣ የገዙበት ተስፋ ነበር።