የእንጦጦ አቀበትና የደማችን ታሪክ

ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በእግሩ የወጣ ሰው ያውቀዋል፤ አቀበቱ ሲጋመስ ትንፋሽ ያጥራል። ጠበል ፈላጊው ሕመምተኛ ከዘራውን ተደግፎ ያርፋል፤ ሯጩ ግን ሽቅብ ያልፈዋል። ለመሆኑ አየሩ ምን ጐደለው?

አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ እንጦጦ ላይ ከትመው ኖረው በ1879 ዓ.ም. ወደ ፍልውሃ ሲወርዱ፣ ሰው የሚያማርረው ብርዱን እንጂ አየሩን አልነበረም። የተራራው ጫፍ ግን ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። እዚያ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክሲጅን በባሕር ዳርቻ ከሚገባው 70 በመቶ ያህል ነው።

ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. ማሞ ወልዴ 2,240 ሜትር ከፍታ ላይ በምትገኘው ሜክሲኮ ከተማ ማራቶኑን ሲያሸንፍ፣ ቀጭን አየር የለመደ ሰው ምሥጢር ብዙዎችን አነጋገረ። የተለመደው መልስ ከአንዲስ ተራሮች የተገኘው ነበር፤ በከፍታ የሚኖር ሰው ሂሞግሎቢኑ ይጨምራል የሚል። የቲቤት ሰዎች ሲመረመሩ ግን ሂሞግሎቢናቸው እንደዚያ አልጨመረም፤ በደማቸው ያለው ኦክሲጅን ደግሞ ዝቅ ያለ ሆነ። ሦስተኛው መልስ የመጣው ከእኛው አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ፣ በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው ይፋ አደረጉ። ሂሞግሎቢናቸው እንደ ቆላ ሰው ነው፤ ደማቸውም በአማካይ 95.3 በመቶ ኦክሲጅን ይዟል።

ታዲያ ሰውነት የኦክሲጅንን ማነስ በምን ያውቃል? ይህን የፈቱት ሴሜንዛ፣ ራትክሊፍና ኬሊን እ.ኤ.አ. በ2019 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ሴል ሁልጊዜ “ሂፍ” የሚባል ፕሮቲን ይሠራል፤ ኦክሲጅን ሲበቃው ወዲያው ያፈርሰዋል። ኦክሲጅን ሲያንስ ግን ሂፍ ሳይፈርስ ይቀርና ወደ ሴሉ አስኳል ገብቶ ዝም ብለው የነበሩ ዘረመሎችን ሥራ ያስጀምራል።

ነገሩ የተራራ ሰው ጉዳይ ብቻ አይደለም። ቁስል ባበጠበት፣ መግል በቋጠረበት ሥጋ ውስጥ ኦክሲጅን እጅግ ያንሳል። ቆላ ተወልዶ ቆላ የኖረ ሰው እንኳ ነጭ የደም ሴሎቹ ተዋሲያንን ሊወጉ ሲዘምቱ የራሳቸውን እንጦጦ ይወጣሉ። እዚያ ሂፍ ስኳርን ያለ ኦክሲጅን ወደ ጉልበት የሚለውጡ ዘረመሎችን ይቀሰቅሳል፤ ኒውትሮፊል የተባለው ተዋጊ ሴል ዕድሜው ይረዝማል፤ አዲስ የደም ሥር እንዲበቅልም መልእክት ይተላለፋል። በመጠኑ ሲሆን ቁስል ይሽራል፤ ሲበዛ ብግነቱ ራሱ በሽታ ይሆናል።

እንግዲህ መንገድ ዳር ያረፈው ሕመምተኛ ሁለት አቀበት ይወጣል፤ አንዱን በእግሩ፣ አንዱን በደሙ። የሰሜን ተራሮች ሰዎች እስኪመረመሩ ድረስ የዓለም መጻሕፍት የሁለት ተራሮችን መልስ ብቻ ይዘው ነበር። በሌላው ተራራ ደም የተጻፈ መጽሐፍ የእኛን ደም አይገልጸውም፤ ለማከምም አስቀድሞ መለካት ያሻል።