ከሊትር ወደ ኪሎ መለወጥ (የፈሳሽ ምግቦች ልኬት)

ከሊትር ወደ ኪሎ መለወጥ በሊትር፣ በብርጭቆ ወይም በማንኪያ የተሰፈረ ፈሳሽ ምግብ በሚዛን ስንት እንደሚመዝን የማስላት ዘዴ ነው። እንደ ሌሎች የኢትዮጵያ ከተሞች ሁሉ በሐዋሳም ወተትና ዘይት በሊትር፣ ቅቤና ማር በኪሎ ይሸጣሉ። ቤት ከገቡ በኋላ ግን አራቱም የሚሰፈሩት በብርጭቆ፣ በጭልፋ ወይም በተለምዶ «ሃይላንድ» በሚባለው ባዶ የውሃ ጠርሙስ ነው።

ስሌቱ አጭር ነው፦ ክብደት = ይዘት × እፍግታ። እፍግታ እዚህ ላይ የአንድ ሊትር ፈሳሽ ክብደት በኪሎ ግራም ማለት ነው። የውሃ እፍግታ 1፣ የወተት 1.03፣ የምግብ ዘይት 0.92፣ የተጣራ ማር ደግሞ 1.42 ገደማ ነው። ስለዚህ 250 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ብርጭቆ ውሃ ሲሞላ 250 ግራም፣ ወተት 258፣ ዘይት 230፣ ማር 355 ግራም ይይዛል። «አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነው» የሚለው የተለመደ አነጋገር ለውሃ ይሠራል፤ ለወተትም ብዙ አይስትም፤ ለማር ግን ፈጽሞ አይሆንም።

ልዩነቱ ገበያ ላይ ጥርጣሬ ይፈጥራል። የ5 ሊትር ጀሪካን ዘይት የዕቃው ክብደት ተቀንሶ 4.6 ኪሎ ቢመዝን ልክ ነው፤ አልተጎደለም። እንዲሁም 1 ኪሎ ማር የአንድ ሊትር ሃይላንድን አይሞላም፤ 700 ሚሊ ሊትር አካባቢ ላይ ይቆማል። ከነሰፈፉ የሚሸጥ ማር ግን ሰሙና አየሩ ስለሚያቀሉት ከዚህ ከፍ ብሎ ይታያል።

በጠጅ አጣጣል ላይ ስሕተቱ ጣዕም ይለውጣል። «አንድ ማር ለሦስት ውሃ» ሲባል መስፈሪያው አንድ ዕቃ ነው፤ ማለትም ለ3 ሊትር ውሃ 1 ሊትር ወይም 1.42 ኪሎ ማር ይገባል። አንድ ኪሎ ብቻ የጨመረ ሰው ከሚያስፈልገው ማር 30 በመቶ ያህሉን አጉድሏል፤ ጠጁም ይቀጥናል።

ቅቤ ሌላ ችግር አለው። በሲዳማ ቡርሳሜ የሚሠራው ከቆጮና ከቀለጠ ቅቤ ነው፤ ቅቤው የሚገዛው ግን ሳይቀልጥ ነው። ለጋ ቅቤ ብዙውን ጊዜ ከ15 በመቶ በላይ ውሃ ስለሚይዝ፣ ሲነጠር ውሃው ተኖ አንጉላው ሲቀር 1 ኪሎው ወደ 800 ግራም ይወርዳል። የቀለጠ ቅቤ እፍግታ 0.9 አካባቢ በመሆኑ የሚገኘው ንጥር ቅቤ 900 ሚሊ ሊትር ገደማ ይሆናል።

ወተት ላይ እፍግታው ራሱ መመርመሪያ ነው። ላክቶሜትር የሚባለው ተንሳፋፊ መሣሪያ ውሃ በተጨመረበት ወተት ውስጥ ይበልጥ ይሰምጣል። ነገር ግን ቅባቱን መግፈፍ እፍግታውን ከፍ ስለሚያደርግ፣ ገፍፎ ውሃ የጨመረ ነጋዴ መሣሪያውን ሊያታልል ይችላል።

ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ከፍታው የፈሳሾችን እፍግታ በራሱ አይለውጠውም ማለት ይቻላል፤ የሚለውጠው ሙቀት ነው። አንድ ሊትር የፈላ ውሃ 960 ግራም ያህል ብቻ ይመዝናል።

እፍግታው ያልታወቀ ፈሳሽ፣ ለምሳሌ የቲማቲም ድልህ ወይም እርጎ፣ ካጋጠመ ሚዛንና አንድ ጠርሙስ ይበቃሉ። በመጀመሪያ ባዶው ጠርሙስ ይመዘናል፤ ቀጥሎ እስከ አንድ ምልክት ድረስ ውሃ ተሞልቶ፣ ከዚያም ውሃው ተደፍቶና ጠርሙሱ ደርቆ ፈሳሹ እስከዚያው ምልክት ተሞልቶ ይመዘናል። ከሁለቱም ላይ የጠርሙሱ ክብደት ተቀንሶ የፈሳሹ ለውሃው ሲካፈል እፍግታው ይገኛል።