አጉዳይ እመቃ፦ ከፎቶው ላይ ምን ይቀራል?

ለድረ ገጽ ፎቶ የሚያዘጋጅ ሰው ዘወትር የሚሰማው ትእዛዝ «ሳይዙን ቀንሰው» የሚል ነው። ፋይሉ የሚያንስበት መንገድ ግን ሁለት ነው። አንዱ በእንግሊዝኛ «ሎሲ»፣ ሌላው «ሎስለስ» ይባላል። እኔ የመጀመሪያውን «አጉዳይ እመቃ»፣ ሁለተኛውን «የማያጎድል እመቃ» ብዬ እጽፋለሁ። «እመቃ» የመጣው «አመቀ» ከሚለው ግስ ነው፤ ብዙውን በጠባብ ቦታ መጠቅጠቅ ማለት ነው። «አጉዳይ» ደግሞ ፋይሉ ያነሰው ከምስሉ ላይ ተቀንሶለት መሆኑን ሳይሸፋፍን ይናገራል። የጎደለው ተመልሶ አይመጣም።

የማያጎድለው እመቃ ተደጋግሞ የሚመጣውን አንዴ መዝግቦ ቀሪውን «እንደዚያው» ብሎ ያልፈዋል፤ ምስሉ ሲከፈት እያንዳንዱ ፒክስል እንደነበረ ይመለሳል። ፒኤንጂ የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው። አጉዳዩ እመቃ ግን ዓይን በቀላሉ የማይለየውን እየመረጠ ይጥላል። እ.ኤ.አ. በ1992 ደረጃ የወጣለት ጄፔግ ምስሉን 8 በ8 ፒክስል በሆኑ ካሬዎች ከፋፍሎ የየካሬውን ረቂቅ ዝርዝር ያሳሳል። እመቃው ሲበዛ ካሬዎቹ ራሳቸው ፎቶው ላይ ይታያሉ።

አዲሶቹ ፎርማቶች የተወለዱት ከቪዲዮ ነው። ጉግል በ2010 ያስተዋወቀው ዌብፒ ቪፒ8 ከተባለው የቪዲዮ ስልት፣ በ2019 የወጣው ኤቪአይኤፍ ደግሞ ከኤቪ1 ተቀድተዋል። አንድ ካሬ ምን እንደሚመስል ከጎረቤቶቹ ተነስተው ይገምቱና ግምቱ የሳተውን ብቻ ይመዘግባሉ። ስለዚህ በተቀራራቢ ጥራት አብዛኛውን ጊዜ ከጄፔግ ያንሳሉ። ኤቪአይኤፍ ይበልጥ ቢያንስም ለማዘጋጀት ጊዜ ይወስዳል።

ስያሜው የሚያስፈልገን እዚህ ላይ ነው። ዌብፒም ሆነ ኤቪአይኤፍ በሁለቱም መንገድ ማመቅ ይችላሉ። «ዌብፒ ነው» የሚል መልስ ምስሉ ይጉደል አይጉደል አይነግረንም።

የብራና ገጽ ፎቶን እንውሰድ። ጽሑፉ በጥቁር ቀለም ተጽፎ የቅዱሳን ስም በቀይ ይደምቃል። አጉዳይ ዌብፒ ብርሃንና ጥላውን በየፒክስሉ ይመዘግባል፤ የቀለሙን ዓይነት ግን ለአራት ፒክስል በአንድ ነው የሚይዘው። ለመልክዓ ምድር ፎቶ ይህ ምንም አይደለም። በቀይ ለተጻፈ ደቃቅ ፊደል ግን ከባድ ነው፤ ቀዩ ወደ ብራናው ይፈስና ጠርዙ ይደበዝዛል። «ቡ»ን ከ«ቢ» የምንለየው ጎኑ ላይ በተቀጠለች ትንሽ ጭረት ናት፤ እሷ ከደበዘዘች ንባቡ ይሳሳታል። ኤቪአይኤፍ ቀለሙንም በየፒክስሉ እንዲይዝ ማዘዝ ይቻላል፤ ለብራናና ጽሑፍ ላለበት ማስታወቂያ እሱን ወይም የማያጎድለውን ዌብፒ እመርጣለሁ። ለሠርግ፣ ለገበያና ለጨዋታ ፎቶ አጉዳዩ ይበቃል፤ በጥቅል ኢንተርኔት ለሚያነብ ሰው ገጹ ቶሎ መከፈቱ ይበልጥበታል።

አሮጌ ስልክ የያዘ አንባቢም እንዳይቀር በኤችቲኤምኤል «ፒክቸር» የሚባለው መለያ ውስጥ መጀመሪያ ኤቪአይኤፍ፣ ቀጥሎ ዌብፒ፣ በመጨረሻ ጄፔግ ይደረደራል፤ ብራውዘሩ ከላይ ጀምሮ የሚያውቀውን ያነሳል። ሦስቱም መዘጋጀት ያለባቸው ከዋናው ፎቶ ነው። በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከ ምስል መንገድ ላይ አንዴ ጎድሏል፤ እሱን ወደ ኤቪአይኤፍ መለወጥ በጉድለት ላይ ጉድለት መጨመር ነው። ፎቶ አንሺውን «እንደ ፋይል ላክልኝ» በሉት።