የማይመሳሰሉ ግራፊክስ ካርዶችና የበጎ ፈቃድ ስሌት ታሪክ

ከደሴ በስተ ሰሜን በቦሩ ሜዳ አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ፥ እንደ እርሱ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋራ ተቀናጅቶ ያርሳል። ይህ ልማድ መቀናጆ ይባላል። የታሪክ ተማሪ ቦሩ ሜዳን የሚያውቀው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ. ም. ባደረጉት የሃይማኖት ጉባኤ ነው፤ ለዚህ ጽሑፍ ግን የሚያስፈልገን የገበሬው ቀንበር ነው። ሁለቱ በሬዎች በጉልበት ካልተመጣጠኑ ብርቱው በደካማው እርምጃ ለመሄድ ይገደዳል። በደቦ አጨዳ ግን ሽማግሌውም ጎበዙም የየራሱን ማጭድ ይዞ በየአቅሙ ይሠራል። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምሞክረው፥ ዓይነታቸው የተለያየ ግራፊክስ ካርዶች ለበጎ ፈቃድ ስሌት አብረው ሊያገለግሉ የቻሉት የቀንበሩን መንገድ ትተው የደቦውን በመከተላቸው መሆኑን ነው።

የበጎ ፈቃድ ስሌት ማለት፥ አንድ ታላቅ ስሌት በብዙ ትንንሽ ክፍሎች ተከፍሎ፥ በየቤቱ ሥራ ፈትተው ለተቀመጡ ኮምፒዩተሮች በኢንተርኔት የሚታደልበት አሠራር ነው። እ. ኤ. አ. በ1996 ጆርጅ ዎልትማን ከ1ና ከራሳቸው በቀር ለሌላ የማይካፈሉ ታላላቅ ቁጥሮችን ለመፈለግ ጊምፕስ የተባለውን ማኅበር መሠረተ። በ1999 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሌይ ሴቲ አት ሆምን ጀመረ፤ ዓላማውም ከጠፈር በሚመጣ የሬዲዮ ሞገድ ውስጥ የሌላ ፍጡር ምልክት እንዳለ መመርመር ነበር። በ2000 ደግሞ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በቪጃይ ፓንዴ መሪነት የፕሮቲንን አተጣጠፍ የሚያጠናው ፎልዲንግ አት ሆም ተነሣ። ከዚያም ዴቪድ አንደርሰን በበርክሌይ ለልዩ ልዩ ጥናቶች በአንድነት የሚያገለግለውን ቦይንክን አዘጋጀ።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥራውን ሁሉ የሚሠራው የኮምፒዩተሩ ዋና ፕሮሰሰር ነበር። ግራፊክስ ካርድ የተፈጠረው በመስኮቱ ላይ የሚታየውን ሥዕል ለመሣል ነው፤ ነገር ግን ብዙ ተመሳሳይ ስሌቶችን በአንድ ጊዜ ስለሚሠራ ለሳይንስም እንደሚጠቅም ታወቀ። ፎልዲንግ አት ሆም በ2006 በኤቲአይ ካርዶች መሥራት ጀመረ፤ በ2008 የኤንቪዲያ ካርዶች ተጨመሩ።

ጥያቄው የተነሣው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰው አሮጌና አዲስ ካርድ ቢኖረው ሁለቱን በአንድ ኮምፒዩተር ሊያሠራ ይችላልን? በጨዋታ ዓለም መልሱ አስቸጋሪ ነበር። ኤንቪዲያ በ2004 ባወጣው ኤስ ኤል አይ በተባለው ማጣመሪያ ሁለት ካርዶች የአንዱን ሥዕል ሥራ ይካፈላሉ፤ ስለዚህም በዓይነት አንድ መሆን ነበረባቸው። ይህ በእውነት ቀንበር ነው። የበጎ ፈቃድ ስሌት ግን ማጣመሪያውን አይፈልግም፤ እያንዳንዱ ካርድ የራሱን የሥራ ክፍል ተቀብሎ፥ ለብቻው አስልቶ፥ ውጤቱን ለብቻው ይመልሳል። ፈጣኑ ካርድ በቀን ብዙ ክፍል ቢጨርስ፥ ዘገምተኛውም የቀነ ገደቡ ሳያልፍ አንድ ቢያደርስ ሁለቱም ጠቅመዋል።

ይሁን እንጂ ነገሩ ያለ እንቅፋት አይደለም። ቦይንክ ዓይነታቸው የተለያየ ካርዶች ሲያገኝ፥ ካልታዘዘ በቀር በብርቱው ብቻ ይሠራል፤ ሁሉንም እንዲጠቀም ባለቤቱ በማዘዣ ፋይል መጻፍ አለበት። አንዱ ካርድ እጅግ ካረጀ ደግሞ ለአዲሱ የሚስማማው ድራይቨር አሮጌውን ላያውቀው ይችላል። የኤሌክትሪክ ፍጆታውና ሙቀቱም የሁለት ካርድ ይሆናል። ከሁሉ የሚከብደው ግን የእምነት ጥያቄ ነው። ውጤት የሚታመነው አንዱ ክፍል ለሁለት ሰዎች ተሰጥቶ መልሳቸው ሲመሳከር ነው፤ የተለያዩ መሣሪያዎች ግን የነጥብ ቁጥሮችን ሲያሰሉ በመጨረሻዎቹ አኃዞች ሊለያዩ ይችላሉ። ስለዚህ አንዳንድ ጥናቶች ጥቂት ልዩነትን ይታገሣሉ፤ ሌሎች አንዱን ክፍል ለተመሳሳይ መሣሪያዎች ብቻ ይልካሉ።

ልዩነት ግን ምስክርም ይሆናል። በጥቅምት 2024 ሉክ ዱራንት በጊምፕስ ሥር በ17 አገሮች የተከራያቸውን ግራፊክስ ካርዶች አሰማርቶ 41,024,320 አኃዝ ያለው ቁጥር አገኘ። በመጀመሪያ ምልክቱን ያሳየው በደብሊን ያለ ኤ 100 ካርድ ሲሆን፥ ያረጋገጠው በሳን አንቶኒዮ ያለ ኤች 100 የተባለ ሌላ ትውልድ ካርድ ነው። ከዚያም በሌሎች ፕሮግራሞችና መሣሪያዎች ተፈተነ። አንድ ዓይነት መሣሪያ አንድ ዓይነት ስሕተት ሊደግም ስለሚችል፥ እዚህ ላይ አለመመሳሰል ጥቅም ሆኗል።

ይህ ታሪክ ለእኛ ምን ይጠቅማል? እ. ኤ. አ. በ1958 በኢትዮጵያ በተነሣው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ታመመና 150,000 ያህል እንደ ሞተ ተገምቷል። ወረርሽኙ የበረታው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ባለው ከፍታ ነው፤ ኮምቦልቻም በዚህ ከፍታ መካከል ትገኛለች። በ2006 አፍሪካ አት ሆም በተባለው እንቅስቃሴ አማካይነት የስዊስ ትሮፒካል ተቋም ወባ እንዴት እንደሚዛመት የሚያጠና ስሌት ለበጎ ፈቃደኞች አደለ። በሽታው የእኛ ሆኖ ሳለ ጥያቄውን ያዘጋጁት ግን በአውሮጳ ያሉ ሊቃውንት ነበሩ።

በ2014 ዓ. ም. ጦርነት ወሎ ዩኒቨርሲቲ ብዙ ንብረት አጥቷል። ንብረት የጠፋበት ቤት መልሶ ሲሟላ፥ ከየስፍራው በሚገኝ፥ ዕድሜውና ዓይነቱ በተለያየ ዕቃ ነው። እኔም ሁለተኛ ደረጃን በተማርሁበት የሚስዮን ትምህርት ቤት፥ በስጦታ ከመጡት ኮምፒዩተሮች ሁለት የሚመሳሰሉ አልነበሩም፤ ብዙዎቹም ለምንም አይረቡም ተብለው ጥግ ይዘው ነበር።

ከላይ የተመለከትነው ታሪክ ይህን አስተያየት ይቃወማል። ቦይንክ የፕሮግራሙ ጽሑፍ ለሁሉ ክፍት ስለሆነ፥ ማንኛውም ኮሌጅ የራሱን ጥናት ሊያቆምበት ይችላል። እርግጥ እጅግ ያረጀ ካርድ ከሥራው ይልቅ የመብራት ወጪው ሊበልጥ ስለሚችል አስቀድሞ መመዘን አለበት። ነገር ግን በደሴና በኮምቦልቻ ያሉ የማይመሳሰሉ መሣሪያዎች በሌሊት የወባን ወይም የዝናብን ነገር ቢያሰሉ፥ የእኛ ድርሻ ካርድ ማበደር ብቻ ሳይሆን ጥያቄውንም ማቅረብ ይሆናል። የደቦው ጠሪ ደግሞ ምን እንደሚታጨድ ራሱ ያውቃል።