ከኪል እስከ ሚዛን ተፈሪ፦ የወገብ መርፌና የእናቶቻችን ምጥ



በዘንድሮው የመገናኛ መጽሔታችን ላንሣ ያሰብኩት የአንዲት ቀጭን መርፌ ታሪክ ነው። ጅማ የተማርን ሐኪሞች «ስፓይናል» ሲባል ቶሎ የሚታየን ኦፕሬሽን ክፍል ነው። በሲ ኤስ የምትወልደው እናት ጠረጴዛው ላይ ትቀመጣለች፣ ጀርባዋን ታጎብጣለች፣ ወገቧ ላይ ትወጋለች። ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ እግሯ ይከብዳል፤ እሷ ነቅታ እያወራች ልጇ ይወጣል። በዚያው ሆስፒታል፣ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ባለው ምጥ ክፍል ለምታምጠው ሴት ግን ይኸው መርፌ ትዝም አይለን። ለምን? መልሱ ታሪኩ ውስጥ ስላለ ከሥሩ ልጀምር። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የምጥን ሕመም በመድኃኒት ማስታገስ የተጀመረው በመርፌ አይደለም፤ በሚተነፈስ መድኃኒት ነው። በጥር 1847 የኤዲንብራው ሐኪም ጄምስ ያንግ ሲምፕሰን ለምታምጥ ሴት ኤተር ሰጠ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ደግሞ ክሎሮፎርምን አመጣ። ወዲያው «ሔዋን በሕመም እንድትወልድ ተነግሯታል፤ እናንተ ማን ናችሁና ታስቀራላችሁ?» የሚሉ ተነሡ። ሲምፕሰንም መጽሐፉን ጠቅሶ መለሰ፦ ፈጣሪ ራሱ የአዳምን ጎን ሲወስድ በመጀመሪያ ከባድ እንቅልፍ ጥሎበት አልነበረም ወይ? በ1853 ንግሥት ቪክቶሪያ ልዑል ሊዮፖልድን ስትወልድ ጆን ስኖው ክሎሮፎርም ሰጣት፤ ንግሥቲቱ የደፈረችውን ሌላው ለመድፈር አልከበደውም።

በእኛ አገር ይህን ክርክር የሚያነሣ ሰው ካለ፣ የገዛ ቋንቋችንን ልብ ቢለው እላለሁ። ምጥ የያዛት ሴት አጠገብ ያሉት «ማርያም፣ ማርያም» ሲሉ የሚለምኑት ምሕረት ነው። ስትገላገልም «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ትባላለች። በሚዛን አካባቢ ሙስሊሙም፣ ፕሮቴስታንቱም፣ ቤንቹም፣ ሸኮውም በየራሱ ቋንቋና ጸሎት የሚለምነው ያንኑ ነው። ሕመሙ ይቅለላት የሚለው ልመና ከመድኃኒቱ በፊት የነበረ የራሳችን ነው።

ወደ መርፌው ልመለስ። በ1884 ካርል ኮለር ቪየና ውስጥ ኮኬይን ዓይንን እንደሚያደነዝዝ አሳየ። በነሐሴ 1898 የኪሉ ቀዶ ሐኪም አውጉስት ቢየር ኮኬይኑን የአከርካሪ ፈሳሽ ውስጥ ወግቶ የታችኛውን አካል አደነዘዘ። በሽተኞቹ በኋላ ራሳቸውን ሲያማቸው ምክንያቱን ለማወቅ እሱና ረዳቱ ሂልደብራንት እርስ በርስ ተወጋጉ። ቢየር ላይ ሲሪንጁ ከመርፌው ጋር አልገጥም ብሎ ፈሳሹ ፈሰሰ። ሂልደብራንት ላይ ግን ሠራ፤ ቅልጥሙን በብረት መዶሻ ቢመቱትም አልተሰማውም። ቢየር ከዚያ በኋላ በራስ ምታት ዘጠኝ ቀን ያህል ተኛ።

አሁን የሚመጣውን ዓመት ልብ በሉልኝ። በ1900 ኦስካር ክራይስ ባዝል ውስጥ ይኸንኑ መርፌ ለስድስት የሚያምጡ ሴቶች ሰጠ። ከኦፕሬሽን ጠረጴዛ እስከ ምጥ አልጋ ድረስ መርፌው የፈጀበት ጊዜ ሁለት ዓመት ብቻ ነበር።

ስፓይናል ግን አንድ ጊዜ ተወግቶ ያልቃል፤ ምጥ ደግሞ ሰዓታት ይወስዳል። መፍትሔው ኤፒዱራል ሆነ፦ መርፌው ዱራ የተባለውን ሽፋን ሳይበሳ ከውጭ ቆሞ፣ ቀጭን ቱቦ እዚያው ተትቶ መድኃኒቱን እየጨመሩ መስጠት። የስፔኑ ወታደራዊ ሐኪም ፊደል ፓጄስ በ1921 በወገብ በኩል የሚሰጠውን ኤፒዱራል ጻፈ፤ ጣሊያናዊው ዶሊዮቲ በ1931 አስፋፋው። በ1947 ኩባዊው ማኑኤል ማርቲኔዝ ኩርቤሎ ሃቫና ውስጥ ቱቦውን አስገብቶ ማደንዘዣውን ቀጣይ አደረገው። መድኃኒቱም ተሻሻለ፦ ሊዶኬይን በ1943፣ ዛሬ በየሆስፒታላችን ያለው ቡፒቫኬይን ደግሞ በ1957 ተሠሩ።

ወደ ቤታችን ስንመጣ ታሪኩ መልኩን ይቀይራል። የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ በ1964፣ የጅማው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት በ1983 ሲከፈቱ ጥያቄው «እናት ትዳን ወይስ አትዳን» ነበር። በሲ ቢ ቲ ፒ ቤት ለቤት የዞርን ሁሉ እናስታውሳለን፤ «የት ወለድሽ?» ስንል መልሱ አብዛኛውን ጊዜ «እዚሁ ቤት» ነበር። በ2000 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጤና ተቋም የተወለዱት 5 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2016 26፣ በ2019 48 በመቶ ደረሱ። ከ100,000 ሕያው ወሊድ የሚሞቱት እናቶችም ከ871 በ2016 ወደ 412 ወረዱ።

በዚህ ጉዞ ውስጥ ስፓይናል የዋለው ውለታ ብዙም አይነገርለትም። ሙሉ ሰመመን የመተንፈሻ ቱቦ፣ ማሽን፣ ኦክስጅንና የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል፤ ነፍሰ ጡር ሴት ላይ ደግሞ ቱቦው ሊያስቸግር፣ ምግብ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ስፓይናል አንድ መርፌና አንድ አምፑል ነው፤ እናትየው በራሷ ትተነፍሳለች። በ2009 ጅማን ጨምሮ በሦስት ዩኒቨርሲቲዎች የተጀመረው የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና መኮንኖች ሥልጠና፣ ከማደንዘዣ ባለሙያዎች ጋር ተጣምሮ፣ ሲ ኤስን ከትልልቅ ከተሞች አወጣው። ድሮ ከማጂ፣ ከጉራፈርዳ ወይም ከቴፒ የተነሣች እናት ምጧ ከተወሳሰበ መንገዱ በቦንጋ አድርጎ ጅማ ነበር፤ ስንቷ መንገድ ላይ ቀርታለች። ዛሬ ሚዛን ላይ የማስተማሪያ ሆስፒታል አለ።

ቢየርን የጣለው ራስ ምታትም አብሮ መጥቷል። ፈሳሹ በቀዳዳው ሲያመልጥ ተቀምጠው የሚብስ፣ ሲተኙ የሚቀል ሕመም ይሆናል። ካፌይን የአንጎል የደም ሥሮችን አጥብቦ ለጊዜው ያስታግሰዋል። እንግዲህ በበበቃና በቴፒ የቡና አገር «ቡና ጠጪ» የሚል ትእዛዝ እናቶችን ፈገግ ቢያሰኝ አይገርምም፤ አራስ ቤት ቡና መቼ ጠፍቶ! ዋናው መከላከያ ግን ቀጭንና ጫፉ እንደ እርሳስ የሾለ መርፌ ነው፤ ግዢ የምታጸድቁ ጓደኞቼ ይህችን ያዙልኝ።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን። ባዝል ላይ ሁለት ዓመት የፈጀው መንገድ እኛ ጋ እስከ ዛሬ ለምን አላለቀም? እውነተኛ ምክንያቶች አሉ። ኤፒዱራል የቱቦው ዕቃ፣ ሃያ አራት ሰዓት የማደንዘዣ ባለሙያ፣ የደም ግፊትን በየጊዜው የሚለካ አዋላጅ ይፈልጋል። አንዱ ባለሙያ ኦፕሬሽን ክፍል ከገባ ምጥ ክፍል ማን ይቆማል? ይህ ሰበብ አይደለም፤ የሰው ኃይል ሒሳብ ነው።

ሌላው ግን ሒሳብ አይደለም። «ምጥ ያልፋል» እንላለን፤ ዝም ብላ የቻለችውን «ጎበዝ» ብለን እናሞግሳለን፣ የጮኸችውን እንቆጣለን። «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» የሚባለው ለማያውቅ አዋቂ ነው፤ በዚህ ጉዳይ ግን ስለ ምጥ የምናስተምረው እኛ፣ የምታውቀውን እሷን ብዙም ሳንጠይቅ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ባወጣው መመሪያ ሕመም ማስታገሻ ለምትጠይቅ ጤነኛ እናት ኤፒዱራልም፣ እንደ ፔቲዲን ያሉ መድኃኒቶችም፣ ማሸትና አተነፋፈስም አማራጮች ናቸው ይላል። የመረጠችው ሰው አጠገቧ እንዲሆንም ይመክራል። ይህ የመጨረሻው ምንም ዕቃ አይፈልግም። ሁለተኛው ደረጃ መጠኑ ያነሰ አንድ ጊዜ የሚሰጥ ስፓይናል ነው፦ ምጡ ለገፋና ቶሎ ለምትወልድ እናት፣ መርፌውና መድኃኒቱ ባለበት፣ ግፊቷ እየተለካ። ኤፒዱራል ሦስተኛው ነው፤ እዚያ ለመድረስ የማደንዘዣና የአዋላጅነት ተማሪዎቻችን በአንድ አልጋ ዙሪያ አብረው መሠልጠን አለባቸው። ለመምህራኖቻችን የማቀርበው ጥያቄ ይኸው ነው፤ ውጭ አገር በየቀኑ ኤፒዱራል የምትሰጡ የማኅበራችን አባላት ደግሞ ለዕረፍት ስትመጡ አንድ ሳምንት ጅማ ወይም ሚዛን ብታስተምሩ ትልቅ ስጦታ ነው።

ድርጅቱ በ2020 ባወጣው የምጥ ክትትል ቅጽ ላይ ከልብ ምትና ከማሕፀን መከፈት ሌላ «የሕመም ማስታገሻ» የሚል አንድ ረድፍ አለ። አዋላጇ በየሰዓቱ ተሰጥቷል፣ አልተሰጠም፣ ወይም እናትየው አልፈልግም ብላለች ብላ ትሞላዋለች። ሦስተኛውን መልስ ለመጻፍ መጀመሪያ እናትየውን መጠየቅ ግድ ነው። እኛም ከዚያ እንጀምር።